ወንዙን በቀኝህ እንዳደረግክ

ማሄሽዋር፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን

ለታናሽ ወንድሜ፣

ይህን ቃል ስጽፈው እጄ አመነታ። ቢጫ የለበሰ ሰው እህትም ወንድምም የለውም ይላሉ። በቁምህ የራስህን ተዝካር አውጥተህ፣ ስምህን ጥለህ የወጣህ ሰው መሆንህን አውቃለሁ። አንቱ ማለትም ይገባኝ ነበር። ግን በጎኔ አዝዬ ያሳደግኩትን፣ ንፍጡን በሳሪዬ ጫፍ የጠረግኩለትን ልጅ አንቱ ማለት እንዴት ይሆንልኛል? በገዳማችሁ በአሽራሙ ውስጥ ደብዳቤህን ቀድሞ የሚያይ ታላቅ መነኩሴ ካለ፣ ብዙ ያልተማረች ሴት ናት ብሎ ይለፈኝ።

እንደምን ከረምክ? እግርህስ? ያኔ ሳየው ተረከዝህ እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቅቤ ቀባው፤ መነኩሴ ቅቤ አይቀባም የሚል ሕግ ያለ አይመስለኝም። ዝናብ ሲገባ ወንዙን በእግር የሚዞሩት ተጓዦች ሁሉ ባሉበት ይከርማሉና፣ አንተም አሁን ከጣሪያ ስር ነህ ብዬ ልቤ ዐርፏል። ሳሉ ለቀቀህ? ምግባቸው ጨው አለው? እኛ ወንዛችን ናርማዳ እናታችን ትመስገን ደህና ነን። ጣሪያው ዘንድሮ አላፈሰሰም። ባሌ እንደ ልማዱ ጉልበቴን እያለ ያቃስታል፣ ለምሳ ግን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። አጎቴ እያልክ ያደግክበት ሽማግሌው ሸማኔ ሐኒፍ ቻቻም እዚያው ጥጉ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሸምናል። ያ የቀሰሙን ክር ሁሉ ያወሳስብብኝ የነበረ ልጅ አሁን እግዚአብሔርን ሊያወሳስብ ነው የሄደው ወይ ብሎሃል። ስምህን ሲያነሳ ግን ዓይኑ እንባ ያቀራል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጀልባ ቀዛፊው ጌንዳላል ነው። በቀይ ጨርቅ የታሰረች ትንሽ ነገርም ይሰጥሃል። እሷን አሁን አትፍታት። መጀመሪያ ይህን አንብብ፣ አንተ የማታውቀው ብዙ ነገር አለና።

የሄድክ ዕለት እማ አላለቀሰችም። ድስት ነው የወረወረችው። ጉሩህን ሰደበች፣ የጉሩህን ጉሩ ሰደበች፣ መንገዱን የጠረጉትን ሰዎች ሳይቀር ረገመች። ምላሷን ታውቀዋለህ። ባልቴት ሆና ሁለት ልጅና አንድ ሽመና ቤት በዚያ ምላስ ነው ያቆመችው። ስድቡ ሲያልቅባት አንድ ጠዋት ከሽመና ቤቱ ደጃፍ፣ ወንዙ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት የድንጋይ መደብ ላይ ወጣች። እግሯን አጣምራ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ ልጄን የወሰደብኝን ሌባ ልፈልግ ነው፣ ዓይን ጨፍነው ነው አሉ የሚያገኙት፣ አለችኝ።

በእውነት ልንገርህ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ነበር። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ሐኒፍ፣ ድሩ ላልቷል! ትላለች። ደግሞ ትጨፍናለች፤ ማነው ወተቱን የሚያገነፍለው! ሐኒፍ ቻቻ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ፣ እትዬ፣ እግዜሩን ከመፈለግሽ በፊት ጸጥታን ፈልጊ፣ እሱ ይቀርባል ይላታል። አንተ ለራስህ በቀን አምስቴ ተደፍተህ የምታገኘውን እኔ አንዴ ተቀምጬ ብፈልገው ምን አስቀናህ ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ።

የቤተ መቅደሱ ሽማግሌ ካህን ይህን ሰምተው መጡ። ዓይንሽን ስትጨፍኚ ምን ታያለሽ ቢሏት፣ ትንፋሼን፣ ይገባል ይወጣል፣ ሌባው ግን የለም አለቻቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው፣ ሌባውን ተይው፤ ያ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ የምታየው ማናት? እሷን ፈልጊ አሏት። አንድ መቁጠሪያ ሰጧት። የአምላክን ስም ከትንፋሹ ጋር እያስኬደች እንድትቀመጥ አስተማሯት። ሌላም የነገሯት ነበር፤ ሸማኔ ክሩን እንጂ ለባሹን አይዝም፣ እጅሽን ከድሩ ላይ አታንሺ፣ ልብሽን ግን ከገበያው ላይ አንሺ። ይህን እማ ለእኔ ስትደጋግመው ከራሷ የመጣ እያስመሰለች ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀን ቆጥሬ አልያዝኩትም። ቀስ ብሎ፣ እንደ እርጎ ነው የረጋው። ብቻ አንድ ጠዋት መደቡ ላይ እንዳለች፣ ጥለቱ ሊያልቅ የደረሰ የሐር ሳሪ ላይ የድሩ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሁላችንም አንገታችንን ቀብረን ጩኸቱን ጠበቅን። ምንም የለም። እማ ዓይኗን ገለጠች፣ ተነስታ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ክሩን በራሷ ጣት ቋጠረችና ተመለሰች። ማታ ስጠይቃት፣ «ክሩ ተበጠሰ፣ እኔ ግን አልተበጠስኩም» አለችኝ። እሷም የገረማት ትመስል ነበር።

ወንድሜ፣ ሽመና ቤቱን ያቀናው ይሄ ነው፤ ሰው ግን በነጋዴ ብልጠት ይመስለዋል። ስድቧን ሸሽተው ሌላ ቤት የገቡት ሸማኔዎች አንድ በአንድ ተመለሱ። ባዶ የነበሩት ጉድጓዶች ሰው ሞላባቸው። ጥለቱ ጠራ፤ ቁጣ የሌለበት እጅ የሚጥለው ጥለት ይለያል፣ ገዢው እንኳ ያውቀዋል። ከኢንዶር ከተማ የሚመጡት ነጋዴዎች የባልቴቷን ቤት ሳሪ ስጡን ማለት ጀመሩ። ሴቶቹ ሸማኔዎች ጠዋት ጠዋት አጠገቧ መቀመጥ አመጡ፤ ሐኒፍ ቻቻና ልጆቹም ከስግደታቸው መልስ ከጉድጓዳቸው ውስጥ ዝም ይላሉ። ማንም ያላወጀው ሕግ ሆነ፤ እማ ዓይኗን እስክትገልጥ በዚህ ቤት መወርወሪያ አይወረወርም። እሷ ስትገልጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ወንዙ ላይ ያሉት አጣቢዎች የእትዬ ቤት ነቃ ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የመብራት በዓሉ ዲዋሊ ባለፈ ሰሞን ጌንዳላል ከማዶ ቀዝፎ እየሮጠ መጣ። ከወዲያ ዳር፣ ከተምሩ ዛፍ ስር አንድ ቢጫ ለባሽ ተጓዥ ተቀምጦ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ወንዙ የሚወርደውን የእናንተን ደረጃ ብቻ ያያል አለኝ። ጢሙ ፊቱን ሸፍኖታል፣ ግን ያን የአባትሽን ጆሮ የት ይደብቀዋል አለ። አንተ ወንዙን በቀኝህ እያደረግክ በወዲያ ዳር ከምንጩ እስከ ባሕሩ፣ በወዲህ ዳር ደግሞ ተመልሰህ እስከ ምንጩ ልትዞር መውጣትህን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ያን ሰሞን እማን ኢንዶር ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር። ልቧ እንዳረጀ ጨርቅ ሳስቷል፣ ማንጎ ሲበስል ማየቷን እንጃ ብሎኛል። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ሐኪሙ ለእኔ ሲያንሾካሹክ፣ ጮክ ብለህ ንገራት፣ ልቡ የእኔ ነው ያለችው እሷ ናት። እንግዲህ አንተ ከማዶ ነህ፣ ወንዙን ከተሻገርክ ጉዞህ ይፈርሳል፣ ሁሉም ከምንጩ እንደገና ይጀመራል። እኛ ግን ተጓዥ አይደለንም፣ መሻገር እንችላለን። አንድ እግሬን ጀልባው ውስጥ አስገብቼ፣ እማ፣ ነይ ልደግፍሽ አልኳት። ከመደቡ ላይ ሆና ውረጂ አለችኝ። አንቺ ሴት አእምሮሽን ስተሻል ወይ አልኳት፣ እናቴን። አልተቆጣችም።

«ጀልባ ውስጥ ስገባ ያየኛል» አለች። «ካየኝ ይነሳል። ከተነሳ ውሃው ውስጥ ይገባል። ልጄን አውቀዋለሁ።»

ስለዚህ አልሄድንም። አንተ ከዚያ፣ እሷ ከዚህ፣ መሃል ላይ ናርማዳ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዋላችሁ። ዓይኗን ገልጣ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አንተ አንዲት ነጭ ሳሪ የለበሰች ነጥብ ብቻ ሳታይ አልቀረህም። ነጥቧ ግን አንተን ነበር የምታየው። ስትነሳና ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ስትሄድ፣ በሕይወት እያለሽ ባሕሩን ዞሮ የሚመለስ ይመስልሻል ብዬ በክፉ አፌ ተናገርኩ። መልሷን እስከ ዛሬ እየተማርኩት ነው። «የሚጠብቅ ሰው በር በሩን ያያል» አለች። «እኔ አልጠብቅም። ተቀምጫለሁ።»

እኔ ግን ጠበቅኩልህ። ብርዱን ሙሉ፣ ከምዕራብ ለሚመጣ ተጓዥ ሁሉ እየተነሳሁ ጆሮ ጆሮውን ሳይ፣ ሰው ይህቺ ሴት ምን ነካት ሳይለኝ አልቀረም። የእማ እግር አበጠ፣ ደረጃውን ለመውጣት ሦስቴ ታርፋለች፤ ፊቷ ግን እየጠራ ሄደ። ከእሷ ይልቅ የታመምኩት እኔ የምመስል ሆንኩ።

የቀለም በዓሉ ሆሊ ሊደርስ ሲል፣ ናርማዴ ሃር የሚል የተጓዦች ሰላምታ ከመንገድ መጣ፤ እኛም ናርማዴ ሃር ብለን መለስን። ተጓዦቹን እንደ ወጉ ደጁ ላይ ደርድረን የመመገቢያ ቅጠል ዘረጋንላቸው። ይሄኛው የዝምታ ስእለት ይዟል፣ አታናግሩት አሉን ጓደኞችህ። ጆሮህን ሳይ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። እማ ተነስታ ማንኪያውን አነሳችና እኔ አቀርባለሁ አለች። ለሁሉም እኩል ኪችሪ፣ ያን ሩዝና ምስር አብሮ የተቀቀለውን፣ ጨለፈች። አንተ ጋ ስትደርስ ከድስቱ ግርጌ የተያያዘውን፣ እርር ያለውን ቅርፊት ፍቃ ቅጠልህ ላይ አኖረች። ልጅ ሆነን በእሱ ስንደባደብ ትዝ ይልሃል? ቅርፊቱን ለረጅም ጊዜ አየኸው። ጆሮህ ቀላ። ከዚያ በላኸው።

ከምግቡ በኋላ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፣ ከእኔ ወገን ሆኖ ምን እንደሚመስል ግን ልጻፍልህ። ዓለማዊ የሆነ ሁሉ የመነኩሴን እግር ይነካል። እማም ከጥግ ጀምራ፣ የአንዱን ነክታ፣ የሌላውን ነክታ፣ ትንፋሽ እያጠራት አንተ ጋ ደረሰች። ጎንበስ ስትል እግርህን ከእሳት እንደሚሸሽ ሰው ሳብከው። ከዚያ ወደቅክ። ግንባርህ እግሯ ላይ ነበር። ሐኒፍ ቻቻ መወርወሪያውን አየር ላይ ያዘው። ቢጫ የለበሰ ሰው ከወለደችው በቀር ለማንም እንደማይሰግድ የማያውቅ አልነበረም። ያኔ ሁሉም ዐወቀ፣ አንድም ሰው ግን ስምህን አልጠራም።

እጇን ራስህ ላይ አደረገች። «ተነስ ማሃራጅ» አለችህ፣ መነኩሴን ሁሉ በምናከብርበት ስም። «ፀሐይ ሳትበረታ ሂድ። ወንዙን በቀኝህ እንዳደረግክ።»

አንተም ሄድክ። ዞር አላልክም፣ ደግ አደረግክ፤ ዞር ብትል ኖሮ እኔ ነበርኩ ጉዞህን የማፈርሰው። ከሄድክ በኋላ መደቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ሳቀች። እንደ ልጅ፣ ሆዷን ይዛ። እኔ ግን እያለቀስኩ ተናደድኩባት። አንድ ቃል፣ ታምሜአለሁ የምትል አንድ ቃል ምን ነበረባት? እንባዬን በሳሪዋ ጠረገችልኝና፣ ያን የምፈልገውን ሌባ ዛሬ አገኘሁት አለችኝ። ምን ይመስላል አልኳት። «ሌባ አይደለም» አለች። «እኔንም ቢጠራኝ እሄድ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በመደቡ ላይ እየቆየች፣ እየቆየች መጣች። ወተት ገነፈለ አትልም፣ ድር ላላ አትልም። ማንጎው ሊበስል ቢጫ መያዝ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ሸማኔዎቹ እንደ ልማዳቸው ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቁ። ጠበቁ። ፀሐይዋ ደረጃውን ወጥታ መደቡ ጋ ደረሰች። ከጉድጓዱ ወጥቶ ትከሻዬን የነካኝ ሐኒፍ ቻቻ ነው። ያን ቀን በዚህ ቤት መወርወሪያ አልተወረወረም።

አሁን የሚጠብቁት የእኔን ዓይን ነው። መደቡ ላይ እቀመጣለሁ፣ መቁጠሪያዋ እጄ ላይ ነው። እንዴት አስቸጋሪ ነገር ነው በል! ወተቱ፣ የባሌ ጉልበት፣ ያላለቀው ጥለት፣ ሁሉም ዓይኔን ስጨፍን ነው የሚመጣው። ግን አልፎ አልፎ፣ ክር በክር መሃል እንዳለችው ቀዳዳ ያለች፣ አንዲት ጸጥታ አገኛለሁ። ያኔ እሷ ከጎኔ የተቀመጠች ይመስለኛል፤ ከዚያ ደስ ይለኝና ጸጥታው ይጠፋል። ካህኑ ደስታውንም ዝም ብለሽ እይው ይሉኛል።

እንግዲህ ቀይዋን ጨርቅ ያዛት፤ ከእሳቱ የቀረችው የእማ አመድ ናት። በእጅህ ስትመዝናት ቀላል ናት። በዘመኗ ሁሉ እንዲህ ቀልላ አታውቅም። ከማሄሽዋር ርቃ ሄዳ አታውቅም፣ ቤቱን ለማን ጥላ ትሄዳለች፤ የወንዙን ምንጭ ሳታይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ተነስተህ ምንጩ ጋ ስትደርስ፣ ናርማዳ ገና ሕፃን ሆና ከምትወጣበት ላይ ፍታት። መነኩሴ እንዲህ አያደርግም የሚልህ ካለ፣ ሌላው ዝምድና ሁሉ ሲቆረጥ እናት ግን አልተቆረጠችም በለው። በውሃ ትምጣ። ተራራውን ወርዳ፣ ጫካውን አልፋ፣ በደረጃችን በኩል ትለፍ። እኔ እዚሁ ሆኜ እጠብቃታለሁ።

አይ፣ አልጠብቅም። ተቀምጫለሁ።

እሾህ ከመንገድህ ይራቅ፣ ሳልህ ይልቀቅህ፣ የምትለምነው ቤት ሁሉ በሩ ክፍት ይሁን፣ የምትፈልገውንም አግኝተህ እንደ እሷ ያስቅህ።

የእናትህ ልጅ