ቀንዱ የተሰበረው አጋዘን

ጥር 4
ቀይዋ ላም ወለደች። ወይፈኖቹ አጥር ጥሰው ገቡ፤ ግማሽ ቀን አጥር ስንጠግን ዋልን። ወንዱን አጋዘን ከክረምት ወዲህ ያየው የለም። ከብት ጠባቂዬ ሽማግሌው፣ ነብር በልቶት ይሆናል ይላል። በሸለቆው የቀረው ወንድ እሱ ብቻ ነበር... የሀብታም ምስል እየሳልኩ ባገኘሁት ገንዘብ ይህን መሬት የገዛሁት፣ ዛፍ የተከልኩት ለማን ነው? ሴቶቹ አጋዘኖችስ ያለሱ ይቆያሉ?

ጥር 9
ጎረቤቴ ባለሆቴሉ መጣ። ለሆቴሉ አዳራሽ የሱን ምስል እንድስል ጠየቀኝ፣ ካደነው አውሬ ራስ ሥር ቆሞ። ብሩሽ ከጣልኩ ቆየሁ ልለው ስል የአውሬውን ራስ ከመኪናው አወረደ።

እሱ ነው፣ ወንዱ አጋዘን። የግራ ቀንዱ የተሰበረው አጥሬ ሽቦ ውስጥ ገብቶ ነው፤ በእጄ ነው ያላቀቅኩት። ከሩቅ አገር ያደንኩት ነው አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ሳጠና ኖሬ ይህን ፊት ልርሳ?

እሺ አልኩት።

ጥር 26
ምስሉን ጨረስኩ። ቦርጬን ቀነስ ያድርጉልኝ አለ፣ ቀነስኩ። ሀብታም ያደረገኝ ይኸው ነው። ቀንዱን ግን እንዳለ ሳልኩት፣ ከነስብራቱ። አላየውም። ሰው ምስሉ ላይ ከራሱ ፊት ሌላ መች ያያል?

የካቲት 2
ምስሉ በሆቴሉ አዳራሽ በድግስ ተሰቀለ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊውን የጋበዝኩት እኔ ነኝ፤ ያንን አጋዘን አብረን ስንት ጊዜ በመነጽር አይተነዋል። ምስሉ ፊት ቆመ... ቆመ... ዞሮ አየኝ። አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ።

"ይሄ የአውሬ ራስ አሁን የት ነው?" አለው ባለሆቴሉን።

"ሳሎኔ ውስጥ ነዋ" አለ ሞኙ፣ እየሳቀ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የካቲት 5
ፖሊስ ሳይደርስ ባለሆቴሉ የአጋዘኑን ራስ አቃጥሎታል። የቀረው ምስሉና የኔ ምስክርነት ነው።

የካቲት 20
ሚስቱ መጣች። አለቀሰች። "እህቴ፣ ቀንዱን ከራሴ ፈጥሬ ነው የሳልኩት ይበሉ። ሠዓሊ መቼም ይጨምራል።"

"በሕይወቴ ሳልዋሽ የሳልኩት ያንን ቀንድ ብቻ ነው" አልኳት። አላሳዘነችኝም። ልታሳዝነኝ ይገባ ነበር?

መጋቢት 11
ተፈረደበት። ጠመንጃው ተወረሰ፣ እሱም ታሰረ። ችሎት ፊት፣ ሁለት ወዳጆቹም ሲያድን አብረውት እንደነበሩ ለፈለፈ፤ ማስረጃ ግን የለም ተብሎ ተለቀቁ።

ማታ ሽማግሌው መጣ። ሴቶቹ አጋዘኖች ተራራውን ተሻግረው ሄደዋል። ሁሉም።

መጋቢት 12
አዲስ ሸራ ወጠርኩ። ከሁለቱ ወዳጆቹ ለአንደኛው ደወልኩ። ምስልዎን ልሳልልዎ፣ በነፃ፣ የሚኮሩበትን ነገር ሁሉ ይዘው ይምጡ አልኩት። በጣም ደስ አለው።