ቦሎቄ የማያበስለው ጉድጓድ

ቲሳ ወንዝ ዳር፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1966

ይድረስ ለባለቤቴ ለኤተል፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጊዘላና ልጆቿስ? እኔ ደህና ነኝ። ላሟም ደህና ናት፣ ጣሪያው አያፈስም። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ብዕር ጠፍቶ አይደለም፤ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ቤቱን ጥሎ የሄደው ሰው ነው ብዬ ስለማምን ነው። አሁንም አምናለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አንድ ነገር ስላየሁና ለሌላ ለማንም ልነግረው ስለማልችል ነው።

የቧንቧው ሠራተኛ በበጋው መጨረሻ የመጣ ዕለት፣ «ጉድጓድ ያለው ሰው ቧንቧ አይለምንም» ብዬ ከበር ስመልሰው፣ አንቺ ሽርጥሽን ፈትተሽ ወንበሩ ላይ አስቀመጥሽ። «እንግዲህ እርስዎ ከጉድጓድዎ ጋር ይኑሩ» ብለሽ ከተማ፣ ፔሽት፣ ወደ ልጃችን ወደ ጊዘላ ቤት ሄድሽ። ሴት ልጅ ለቧንቧ ብላ ትዳሯን ትጥላለች? እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ። አልገባኝም ነበር።

ያለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንጨት ሻጩ ዴኔሽ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አምብሩሽ፣ ኤተል ከሄደች ወዲህ ጥላህ እንኳ ከሳ» አለኝ። ሰው ሳቀ። የምበላው ዳቦና ሽንኩርት ብቻ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«በሚቀጥለው እሁድ ምሳ ና» አልኩት። «የቦሎቄ ሾርባ፣ በጭስ በደረቀ የአሳማ ቅልጥም።»

«ማን ሠርቶት?»

«እኔ። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ድስት ያቅተዋል?»

እንደምታውቂኝ ማንም ምንም አላስተማረኝም። ማንበብን ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ተማርኩ፣ ቁፋሮን ራሱ መሬቱ አስተማረኝ። ሾርባውንም በዚያው መንገድ ያዝኩት። ቅልጥሙን ጨው እንዲለቅ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ ቦሎቄውንም ዘፈዘፍኩት። ጎህ ሲቀድ ትልቁን ድስት ጣድኩ፤ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንቺ ስትጨምሪው ያየሁትን ቅጠል ሁሉ ከተትኩበት። ሽታው ያንቺው ሽታ ነበር። ልቤ ሞላ።

የቀትር ደወል ሲደወል ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ወድቋል። ቦሎቄው ግን ጠጠር ነው። ዴኔሽ የእሁድ ኮቱን ለብሶ መጣና አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ከዚያ ጉንጩን ያዘ።

«ይቺ ጥርስ የመጨረሻዬ ናት» አለ። «አብራኝ ትቀበራለች ብዬ ነበር።»

«እንጨትህ እርጥብ ነው። የሸጥክልኝ ግራር አይነድም።»

«ሥጋውን ያበሰለው ማን ነው ታዲያ? ቅዱስ ሚካኤል?»

እሳቱን ጨመርኩ። ጠበቅን። ውሃ አከልኩ፣ ደግሞ ጠበቅን። ጨለማ ሊወርድ ሲል ጭቅጭቃችንን ከአጥሩ ማዶ የሰማችው ጎረቤታችን ፒሮሽካ መጣች። አንዱን ቦሎቄ አውጥታ በጣቷ ልትጨፈልቀው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

«በምን ውሃ ነው የቀቀልከው?»

«በጉድጓዴ ነዋ። ሌላ ምን ውሃ አለ?»

እሷም እንዳንቺ ሽርጥ ታጥቃለች፤ አፏን በዚያው ሸፈነችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ የዚህ መንደር የጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። ቦሎቄ ሲያገኝ ያደርቀዋል እንጂ አያበስለውም። የትኛዋ ሴት ናት በጉድጓድ ውሃ ቦሎቄ የምትቀቅለው?»

«ኤተል» አልኳት።

«ኤተል ከቲሳ ነው የምትቀዳው። አንተ እርሻ ስትወጣ እሷ የወንዙን የአፈር ግድብ ትወጣለች። ወንዙ በረዶ ሲሠራ በረዶውን ታቀልጣለች። ያቺ ከጎመኑ በርሜል ጀርባ ያለችው እንስራ የምንድን ናት?»

«የፀጉሯ መታጠቢያ።»

«እሺ፣ የፀጉሯ መታጠቢያ» አለችና ዴኔሽን አየችው። ዴኔሽ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እሱም ያውቅ ኖሯል። ሚስቱም እንደዚሁ ስትቀዳ ኖራለች።

አላመንኳትም። ሰው በቃል ብቻ አያምንም፤ ይፈትናል። ሰኞ ጠዋት ያንቺን በትከሻ የሚጋደም የውሃ መሸከሚያ እንጨትና ሁለቱን ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ግድቡን ስወጣ ደህና ነው፤ ባልዲው ባዶ ነው። ስመለስ ግን ጭቃው እግሬን አልለቅ አለ፣ ውሃው በየእርምጃው ይወዛወዛል፣ እንጨቱ አንገቴ ሥር ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ወደቅሁ። አንዱ ባልዲ ተደፋ። ተመልሼ ሞላሁት። ያ እንጨት መሃሉ ላይ በአንገት ልክ ጎድጎድ ብሏል፤ ተጠርቦ የተሠራ መስሎኝ ነበር። የጠረበው አንገትሽ ነው።

ያንኑ ቦሎቄ፣ ከዚያው ከረጢት፣ በዚያው ማገዶ ቀቀልኩት። የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው። ቀትር ሳይደርስ ክዳኑን ከፈትኩ። ቦሎቄው አብጦ ልጣጩ ሳስቷል። አንዱን በሁለት ጣቴ ስይዘው እንደ ቅቤ ሟሟ። ዱቄቱን በመጥበሻ በአሳማ ስብ አቁላላሁ፣ ከእሳት አውጥቼ ቀይ በርበሬውን ጨመርኩ፤ እሳት ላይ እያለ ቢጨመር እንደሚያርር አንዴ ለጊዘላ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ወደ ሾርባው ገለበጥኩት፤ ትንሽ ሊጥ አቡክቼም በዚህ ወፍራም ጣቴ እየቆነጠርኩ ጣልኩበት። በመጨረሻ ጥቂት አቼቶና ክሬም። ቀመስኩት።

ኤተል፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ቤተ ክርስቲያን የማወልቀው ሥርዓት ስለሆነ ነው። በወጥ ቤት፣ ማንም በሌለበት፣ በድስት ፊት ባርኔጣዬን ይዤ መቆሜን ያወቅሁት ሾርባው ሲቀዘቅዝ ነው።

የሾርባው ጣዕም ብቻ አይደለም እንዲያ ያቆመኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔ ማንኪያዬን አንስቼ፣ «ይህን ሾርባ እንዲህ የሚያጣፍጠው የጉድጓዴ ውሃ ነው» እል ነበር። ለቄሱም ብያለሁ። ለጊዘላ ባልም ብያለሁ። ለወንድምሽማ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ወስጄ በኩባያ አጠጥቼዋለሁ። አንቺ ጎኔ ቆመሽ፣ ጠዋት በትከሻሽ ያመጣሽውን ውሃ በጭልፋ እየቀዳሽ፣ «ትንሽ ይጨመርልዎ?» ትያለሽ። ፊትሽን አስታውሼ ፈለግሁበት። የፌዝ ምልክት አላገኘሁበትም። ተራራ አይቻለሁ፣ ጎርፍ አይቻለሁ፣ ጦርነት አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ከሾርባው ለፒሮሽካ ወሰድኩላትና ጠየቅኳት። «ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር» አለችኝ። «‹ጉድጓዱ የተጋባን ዓመት የቆፈረልኝ ስጦታዬ ነው፤ በስጦታ ላይ ነውር አይወጣም› አለችኝ። አሁን ግን ጉልበቷ አልችል አለ አምብሩሽ። ግድቡ ከበዳት። ቧንቧው ሲመጣ በሰላም የምትገላገል መስሏት ነበር።»

ሳህኗን አስቀምጬ ወጣሁ።

ልብ በይ፤ ጉድጓዱ መጥፎ ነው አላልኩም። በድርቁም ዓመት አልነጠፈም፣ ላሟ ሌላ ውሃ አትወድም። አይደፈንም። የቧንቧውን ሠራተኛ ግን ትናንት ጠርቼ ፈርሜያለሁ። የወንዝ ውሃ ተጣርቶ ነው የሚመጣው፣ ቦሎቄ ያበስላል ብሏል፤ ሁለት ጊዜ አስምዬዋለሁ። መሬቱ በውርጭ ሳይጠነክር ሊቆፍር ይፈልጋል። «ቧንቧው ወጥ ቤት ይግባ ወይስ ግቢ ይቁም?» ሲለኝ፣ «እሱን የምታውቀው የምታበስለው ናት» አልኩት። እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ ብሏል።

የፔሽቱ ባቡር ቅዳሜ ከቀትር በፊት ይገባል። እኔም ቅዳሜ ጣቢያው ዘንድ ጉዳይ አለኝ፤ ጨው ልገዛ ነው። በጋሪ ነው የምሄደው። መንገዱ ስለሚቀዘቅዝ የሱፍ ብርድ ልብሱን መቀመጫው ላይ አነጥፋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ጊዘላን ሳሚልኝ።

ባልሽ፣
አምብሩሽ