ተልባን የሚመለከት ማስታወቂያ

ኅዳር 16፣ ጧት 1፡30

ሁለተኛውን ብርጭቆ ተልባ እየጠጣሁ ነው። ደብተሬ ሆይ፣ ተነሥተህ ቁም። ሚጥሚጣ ከዚህ ቤት በሞት መለየቷን በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ቀብሯ ትናንት በባለቤቴ በጥሩዬ እጅ፣ በጎረቤት ጓዳ ተፈጽሟል። ቡና በጠና ታማለች። ጠላ ተሰዷል።

ምክንያት፦ ቃር። የጤ/ጣቢያው ወረቀት እንደሚለው ጨጓራዬ ውስጥ ባክቴሪያ ሰፍሯል። ያለ ፈቃድ፣ ያለ ካርታ። ሃያ ዓመት የሰው የይዞታ ክርክር ስጽፍ ኖሬ፣ በገዛ ሆዴ ላይ ሰፋሪ!

ትእዛዙ፦ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት። አልጫ። ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት አለመተኛት። ትራስ ከፍ። ሦስት ዓይነት ኪኒን፣ ዐሥራ አራት ቀን፣ ጧትና ማታ ከምግብ ጋር፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው።

የነቢያት ጾም ግን ትናንት ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። የነፍስ አባቴ መምሬ አስናቀ ፈቱልኝ፤ የፍስክ እንዳልነካ፣ ጧት ግን እንድበላ። ኪኒኑንም አንዲት እንዳላጎድል።

ችግሩ አፌ ነው። ፍ/ቤቱ በር ላይ፣ ማመልከቻ ከምጽፍበት ጃንጥላ ሥር፣ ኪኒን የሚውጠውን ሁሉ ጥሬ እንደሚለቅም ዶሮ እያልሁ ስቀልድበት ኖሬአለሁ። አሁን የኔ ኪኒን ካርቦን ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ተደብቋል። ድንቼን በልቼ የምውጠው ጎንበስ ብዬ ነው፤ እስክሪብቶ እንደወደቀበት ሰው።

ኅዳር 20፣ ጧት

ሕልም። ጨጓራዬ ውስጥ ገባሁ። አንድ ወጥ ቋጥኝ፣ ከውስጥ የሚወቀር። ጥቃቅን ሠራተኞች በሰልፍ፣ መሮ በእጃቸው። ጫጫታ የለም። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። ፈቃድ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ቀና ብሎ በትሕትና መለሰልኝ፤ ለገና እንጨርሳለን አለ።

ነቃሁ። አፌ ሆምጣጣ፤ ትራሱ ተንሸራቷል። ውጭ ጉሙ ከተማውን ውጦታል። የደወል ድምፅ ብቻ፣ ከየት እንደሆነ አይታወቅ። ደጃፍ ቁጭ ብዬ ጦስኝ ጠጣሁ። የብርጭቆው እንፋሎትና ጉሙ ተቀላቀሉ። ለጥቂት ጊዜ እኔም የት ላይ እንደማልቅ ጠፋኝ። ደስ ሲል።

ኅዳር 27

ኪኒኑ ካለቀ ሁለት ቀን። አያቃጥልም! ትናንት እንደ ላባ ተኛሁ።

ፍ/ቤቱ በር ላይ ባለጉዳዮች ከበቡኝ። ፊትህ ጠራ፣ በምን ዳንህ አሉ። አፌ እኔን ሳያማክር መለሰ፦ በተልባና በጦስኝ ብቻ። አንዲት ሴት ጻፍልን አለች። ጻፍሁ። «ማስታወቂያ። ጉዳዩ፦ ጨጓራን ይመለከታል። ኪኒን አያስፈልግም።» ካርቦን ደርቤ፤ አንድ ውሸት ሦስት ቦታ ባንድ ጊዜ። እጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል!

ማታ ጥሩዬ ሰምታ ጠበቀችኝ።

«ተልባ ነው ያዳነህ? እሺ። ከንግዲህ ካልሲህንም ተልባ ይጠብልህ።»

ታኅሣሥ 3

ወረቀቴ ወፍጮ ቤት ተለጥፏል። ባጃጅ መስተዋት ላይ አየሁት። ጠላ ቤቱም ሰቅሎታል፤ ይኼ ድፍረት ነው።

ዛሬ መምሬ ከሚያገለግሉበት ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን መጡ። እሳቸውንም ቃር ከያዛቸው ቆይቷል። ዐፈር እያሉ አንድ ቅጂ ጠየቁኝ። ጾሙ ሲገባ ኪኒኑን እንዳልተው ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ትቼው የዳንሁ መስሏቸዋል። ልናገር አፌን ከፈትሁ። አምስት ሰው ቆሞ ይሰማል። ዘጋሁት። በዚህ ዓለም ላይ አፌ የተዘጋባት ብቸኛ ቀን፣ መከፈት የነበረባት ቀን።

አጥፈው ጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት።

«እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ።

እጄን ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ አኖርሁት።

ታኅሣሥ 9፣ ጧት 3 ሰዓት

ጉም። ከተልባው ብርጭቆ ሥር ያለውን ዝቃጭ እያየሁ ነበር፤ ትንሽ የወንዝ አሸዋ ይመስላል፣ በላዩ የምሄድ መሰለኝ። ጥሩዬ ከገበያ ወሬ ይዛ ገባች።

መምሬ ኪዳን ሲያደርሱ መሐል ላይ ወደቁ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጥቁር ከሆነ ሰንብቷል። የኔው ባክቴሪያ፣ የኔው ኪኒን፤ ጤ/ጣቢያው ከሰጣቸው ሳምንት አልፏል። አልዋጡትም። ኪኒኑ ጧት እህል ይፈልጋል፣ ጾሙ ይከለክላል። ተልባ ግን ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃል። ደግሞስ ተልባ ብቻ ይበቃ የለ? በጽሑፍ!

ጥሩዬ አልሰደበችኝም። ያኔ ፈራሁ።

በዚያው ዕለት፣ 10 ሰዓት

ነአኩቶ ለአብ በባጃጅ ደረስሁ። መምሬ ዋሻው ውስጥ፣ ከጣሪያው ውኃ ከሚንጠባጠብባቸው የድንጋይ ገንዳዎች አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ዐመድ። ጠብ። ጠብ። ያ የሕልሜ መሮ ነው ብዬ ደነገጥሁ። እግራቸው ሥር ወድቄ ነገርኋቸው።

ብዙ ጠብታ አለፈ።

«ስንት ቀን ዋጥህ?»

«ዐሥራ አራት ቀን፣ አባቴ።»

«ሳታጎድል?»

«አንዲት አላጎደልሁም።»

«እንግዲያ ለኪኒኑስ ታምነሃል። ለኔ ነው እንጂ።»

ሳቁ። ሳቁ ሆዳቸውን ወጋቸው፤ እጃቸውን ያዝሁ፣ እንደ ገንዳው ድንጋይ ቀዝቅዟል። ደግፌ አወጣኋቸው። ሆስፒታል አስተኟቸው። ቁስሉ እየደማ ነበር። ጥቂት ቀን ቢቆዩ ኖሮ አለ ሐኪሙ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አልጨርሰውም።

ታኅሣሥ 12

ደሙ ቆሟል። ዛሬ ይወጣሉ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ኪኒኑ ጧት ከምግብ ጋር ነው። እምቢ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲፈቱ ኖረዋል፤ አራስ፣ በሽተኛ፣ እኔን ጭምር። ለራሳቸው ሲሆን ግን ቁልፉ ይጠፋቸዋል። እኔን ማን ይፈታኛል አሉ።

እሳቸውም ነፍስ አባት እንዳላቸው አስታወስሁ፤ ተራራው ላይ፣ አሸተን ማርያም ገዳም የሚኖሩ ሽማግሌ መነኩሴ። ወረቀት አወጣሁ። «አመልካች፦ የመምሬ አስናቀ ጨጓራ። ተጠሪ፦ መምሬ አስናቀ። ጉዳዩ፦ ቁርስ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ።» መምሬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ተጠሪ የሚለው ላይ ቆዩ። ፈረሙ።

ታኅሣሥ 13

ዳገቱን ስወጣ ጉሙ ከእግሬ በታች ቀረ። ከተማ የለ፣ ፍ/ቤት የለ፣ ጃንጥላ የለ። ነጭ ብቻ፣ እንደ አጃ አጥሚት የሚረጋ። ቃሬ ተረስቶኝ ሄድሁ።

መነኩሴው ዓይናቸው ደክሟል። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሁለተኛው ለሳቅ ነበር መሰለኝ።

«ይብላ በለው» አሉ። «ጧት። እየሳቀ።»

በሃያ ዓመት ውስጥ የጻፍሁት ማመልከቻ በአንድ ቀን ውሳኔ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታኅሣሥ 16፣ ጧት 2 ሰዓት

መምሬ ሦስት ጧት በሉ። አጃ ሾርባ፣ ጨው የሌለበት። እየሳቁ አይደለም፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ግድግዳ እያዩ። ግን በሉ። ኪኒኑም ገባ። ንስሐዬን ሰጡኝ፦ ወረቀቱ ባለበት ቦታ ሁሉ ሌላ ወረቀት። በካርቦን። ጥሩዬ ሙጫውን እያፈላች ነው።

ማስተካከያ

ኅዳር 27 ቀን በዚሁ ጸሐፊ የወጣው ማስታወቂያ፣ ጸሐፊው በተልባና በጦስኝ ብቻ እንደዳነ መግለጹ ስሕተት ነው። ጸሐፊው ዐሥራ አራት ቀን ሙሉ ኪኒን ውጧል፤ ጎንበስ ብሎ። ተልባና ጦስኝ ቃሩን አለዝበዋል፤ ይመሰገናሉ፤ ባክቴሪያውን ግን አላባረሩም። እሱም ስለመልቀቁ ገና አልተረጋገጠም፤ ድጋሚ ምርመራው ለገና ዋዜማ ነው። ኪኒን የተሰጠው ሰው ኪኒኑን ይዋጥ። ጾሙ ያስጨነቀው ነፍስ አባቱን ይጠይቅ፤ ነፍስ አባቱም የራሱን ነፍስ አባት ይጠይቅ።

በተጨማሪም በኅዳር 16 ሞታለች የተባለችው ሚጥሚጣ በጎረቤት ቤት በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኝ ሽታዋ ያረጋግጣል።

ለተፈጠረው ስሕተት ኃላፊው የጸሐፊው ጨጓራ ሳይሆን አፉ ነው።