እስከ ወንዙ የተመረቀ መንገድ

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2011

«መንገዱ ከነመሸጋገሪያው ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ፣ በአካባቢው ሽማግሌዎች ተመርቆ፣ ኅብረተሰቡ ተረክቦታል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ዛሬ ጠዋት አምቦ፣ የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ነበር። «ከነመሸጋገሪያው»! የትኛው መሸጋገሪያ? ከወንጪ መንገድ ተገንጥሎ ወደ ተወለድኩበት ቀበሌ የሚገባው ጠጠር መንገድ ወንዙ አፋፍ ላይ ይቆማል። ከማዶ ደግሞ ይቀጥላል። መሃሉ ውሃ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ወንዝ በማስታወቂያ ሲሰረዝ አላየሁም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰዉን ያሳመንኩት እኔ ነኝ። «ድልድይ ይሠራል፣ ቦታ ልቀቁ» ያልኩት እኔ። ከማዶ የሚኖሩት አሮጊቷ አዴ ሎሚ ያልደረሰ እንሰታቸውን የነቀሉት በእኔ ቃል ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ተቀመጥ እንኳ አላለኝም።

«መምህር፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ተቀብለዋል። ምን ቀረ?»

«ድልድዩ ቀረ።»

«እሱ በሚቀጥለው በጀት ነው።»

«ታዲያ ተጠናቀቀ ያላችሁት ምኑ ነው?»

«ኦቦ ዲንቃን ይጠይቁ። መራቂው እሳቸው ናቸው።»

ዲንቃ! አብሮ አደጌ። ምርቃቱ የተደረገው ደግሞ እኔ ጊንጪ አክስቴን በቀበርኩ ማግስት፣ ሐዘን ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ዲንቃ ይህን ያውቅ ነበር። ቀብሩ ላይ አብሮኝ ቆሟል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ወንዙ ድረስ ወረድኩ። ያየሁት፦ የድንኳን ካስማ ጉድጓዶች፣ የተቆረጠ ሪባን፣ የሰንጋ ቀንድ። ያላየሁት፦ ድልድይ።

ጫማዬን አውልቄ በድንጋይ በድንጋይ ተሻገርኩ። አዴ ሎሚ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

«አንተ መምህር፣ ድልድዩን በኪስህ ይዘኸው መጣህ?»

አልሳቅሁም። እሳቸውም አልሳቁ። ምራታቸው ጫልቱ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። አምቡላንሱ ከማዶ ሆኖ ጡሩንባ ሊነፋላት ነው?»

በሐምሌ ያንን ወንዝ በሬ እንኳ አይሻገረውም። እንሰቱ የነበረበት ቦታ ጠጠር ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

ዲንቃ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። በእጁ እርጥብ ሣር ይዟል። ለዕርቅ ሣር ይዞ ለመጣ ሰው በር አይዘጋም። ያንን አውቆ ነው የመጣው።

«እንግዳ ድንኳን ጥሎ፣ ሰንጋ አርዶ ‹መርቁን› ሲል እንዴት እምቢ ይባላል? የመረቅሁት ሰዎቹን ነው። ምርቃቴን ርክክብ እንደሚያደርጉት ማን ነገረኝ?»

«ቆይታችሁ እኔን ብትጠሩኝስ?»

መሬት መሬቱን አየ። «አንተ ካለህ ነገሩ ይበላሻል አሉኝ።»

ከሁሉ ይህ ቆረጠኝ። እሺ ብሏቸዋል ማለት ነው።

ሣሩን ተቀበልኩ። አፌ ይቅር ብሏል፣ ሆዴ ገና ነው። ከዚያ ጠየቅሁት።

«ስትመርቅ የት ቆመህ ነበር?»

«ከወዲህ ነዋ፣ ድንኳኑ ውስጥ።»

«ማዶውንስ መርቀሃል?»

«በምን ተሻግሬ? ውሃ እኮ ነው!»

አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ፈነዳ። ዲንቃም የተናገረው ነገር ዘግይቶ ገባው።

«ይህንኑ ኃላፊው ፊት ትደግመዋለህ?»

«ምርቃት አይመለስም፣ ወንድሜ።»

«አትመልሰው። የቆምክበትን ብቻ ተናገር።»

«እሺ፣ ሰኞ እመጣለሁ» አለ።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ደብዳቤውን ጨረስኩ። ነገ ይዘነው እንገባለን። ዲንቃ ባይመጣስ? ባይመጣ ብቻዬን እገባለሁ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ሽማግሌዎች የመረቁት እስከ ወንዙ ያለውን መንገድ ነው። ወንዙንና ማዶውን የመረቀም የተረከበም የለም። ድልድዩ መቼ እንደሚሠራ፣ እስከዚያ ወላድ በምን እንደምትሻገር፣ እስከ ዓርብ ግንቦት 30 በጽሑፍ መልስ ይሰጠን። የቃል መልስ አንቀበልም። በቃል የሰጠናችሁን ምርቃት ምን እንዳደረጋችሁት አይተናል።»