የባትሪው ሣጥን ቁልፍ

ውድ አስካለዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ዕወቂልኝ፤ ጣሪያችን ላይ ያለው የፀሐይ መሣሪያ አልተወሰደም። አንቺ በምታውቂው ቦታ፣ ወደ ደቡብ ዘንበል እንዳለ አለ። መብራቱ ግን ከሄድሽ ወዲህ በርቶ አያውቅም። በፊታችን ሐሙስ ጠዋት ከግብር ቢሮ በሚመጣው ሰው ፊት ካልበራ ደግሞ መሣሪያው ከቤታችን ይወጣል። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። የቀረውን በተራ እነግርሻለሁ፤ ታውቂኛለሽ፣ ነገር ከመሀል መጀመር አልወድም።

በሐምሌ ዝናብ ተለየሽኝ፤ አሁን ጥር ገብቷል። ጎመንሽ የነበረበት መደብ ደርቋል፤ እንደ አንቺ ውኃ ማጠጣት አልሆነልኝም። ኩራዙን ከጓዳ አውጥቼ እንደገና ማብራት ጀምሬአለሁ። አንቺ በሳሙና ፈትገሽ ያስለቀቅሽው ጥላሸት ግድግዳው ላይ ተመልሷል። የመብራት ምሰሶው ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ገርጂ እየመጣ ነው የሚባለው ወሬ እንዳለ ነው፤ ምሰሶውን ግን ያየው የለም። አውሮፕላኖቹ እንደ ድሮው በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። አሁንም ሲያልፉ ንግግሬን አቋርጬ እጠብቃለሁ፤ የምናገረው ሰው ግን የለም።

መሣሪያውን እንዴት እንዳመጣነው አትረሺውም። ኩራዝ በተለኮሰ ቁጥር አስምሽ ይነሣ ነበር። ሐኪሙም ጭስ ካለበት ቤት እንድትርቂ አዘዘ፤ የት እንደምንሄድ ግን አልነገረንም። በዚያ ሰሞን ቦሌ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ሰው በማቀዝቀዣውና በወንበሩ ሲሻማ እኔ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ሰማያዊ መስታወት ከነባትሪው ገዛሁ። ከመገናኛ በጋሪ ስናመጣው በጋቢዬ ጠቅልለሽ እንደ ሕፃን ታቅፈሽው ነበር። በየጉድጓዱ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ እኔ ዞረሽ «መምህር፣ ይህ ነገር ቢሰበር ጣሪያው ላይ የምሰቅለው አንተን ነው» ትዪኝ ነበር። ባለጋሪውን እስኪያስቀው ድረስ።

የመጀመሪያው ምሽት ትዝ ይለኛል። አምፖሉ ሲበራ ወንበር ስበሽ ከሥሩ ተቀመጥሽና ረጅም ትንፋሽ ወሰድሽ፤ ደግመሽም ወሰድሽ። ደረትሽ ሳይጮህ ሲተነፍስ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። በአርባ ዓመት ገደማ የማስተማር ሥራዬ ስለ ብርሃን ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ብርሃን ምን እንደሚሠራ ያየሁት ግን በዚያ ምሽት ነው።

ከዚያ የግብሩ ጉዳይ መጣ። መሐንዲሱ ዕቃውን ያለ ቀረጥ አስገብቶት ስለነበር ቀረጡ ወደ ገዢው ዞረ፤ ወደ እኛ ማለት ነው። የጡረታ አበሌ የሚችለው አልነበረም። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ፣ በፀሐይ ኃይል መብራት ተክሎ በሥራ ላይ ላዋለ ሰው ቀረጡ እንደሚቀርለት፣ የቤት ግብሩም እንደሚቀነስለት ተነገረኝ። ተቆጣጣሪ መጥቶ መሣሪያውን በዓይኑ ማየት፣ መብራቱም በፊቱ መብራት ነበረበት። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ። አንቺ አንብበሽ «ይህ ማመልከቻ ነው ወይስ የታሪክ መጽሐፍ?» አልሽና ግማሹን አሰረዝሽኝ። ልክ ነበርሽ፤ ያጠረው ማመልከቻ ቶሎ ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪውን መጠበቅ ያዝን። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስንል ክረምቱ ገባ፤ አንቺም ታመምሽ።

ሰውየው የመጣው በተቀበርሽ ማግሥት ነበር።

ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በዚያ ቀን ዶፍ ይዘንብ ነበር። የዕድራችን ዳኛ አቶ ደገፋ፣ እንደምታውቂው ለለቅሶ የመጣ ሰው ሲበሰብስ ማየት አይወድም። ድንኳኑ አልበቃ ሲለው ትልቁን ሸራ ከጣሪያችን አናት አስነሥቶ እስከ አጥሩ አስወጠረው። ሸራው የተዘረጋው በመስታወቱ ላይ ነበር። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ያን ቀን ወደ ላይ አላየሁም።

አንድ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ወደ ግቢው ሲገባ አይቼ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ሮጠው ተቀበሉት፤ ካፖርቱን ገፈፉት፤ ከሽማግሌዎቹ መሀል አስቀመጡት። ንፍሮ ዘገኑለት። ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ዘነቡ አዲስ ሰው ባየች ቁጥር ኀዘኗ እንደ አዲስ ይነሣ የለ? መጥታ አንገቱን አቅፋ «ደጓን ሴት አጣናት እኮ ወንድሜ!» እያለች አለቀሰች። አንዱ «ለሟች ምኗ ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው «ለሥራ ነው የመጣሁት» አለ። እነሱም የሥራ ባልደረባሽ አደረጉትና ንፍሮ ጨመሩለት። ሲመሽ እኔ ዘንድ መጥቶ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ማን ይሆን እያልኩ ብዙ ቀን አሰብኩ።

አርባሽ ካለፈ በኋላ ቢሮ ሄድኩ። የክፍሉ ኃላፊ ፋይሉን ገልጦ «ጓድ መምህር፣ እዚህ የተጻፈው በጣሪያው ላይ መሣሪያ አልታየም ነው» አለኝ። ተሳስተዋል ብዬ ልከራከር ቀና ስል፣ ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ግራጫ ካፖርት የለበሰው ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ ወጣ። «መምህር፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለኝ። «ሬሳ በወጣበት ቤት የፀሐይ መሣሪያ አሳዩኝ ይባላል? ልነሣ ስል ያስቀምጡኛል፣ ልናገር ስል ንፍሮ ያጎርሱኛል። ሴትዮዋ ሲያቅፉኝ ደግሞ የእናቴ ለቅሶ ትዝ አለኝና አለቀስኩ።» እሺ፣ ይሁን፣ ታዲያ ለምን አልታየም ብለህ ጻፍክ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አላየሁማ! ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልጻፍ?»

አስካለዬ፣ ምን ልበለው? ዕድሜዬን ሙሉ ያላያችሁትን አትጻፉ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። እጁን ጨብጬው ወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን መንገዱ በጣም ረዘመብኝ፤ መገናኛ ላይ ከታክሲው ወርጄ የቀረውን በእግሬ ስመጣ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ የተመላለስኩትን ሁሉ አልዘረዝርልሽም። ኃላፊው አንድ ጊዜ የተጻፈ አይቀየርም ይላል፤ እኔ እንዲቀየር አልጠየቅሁም፤ እንደገና ይታይ ነው ያልኩት። ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ነገ ና ተባልኩ፣ ነገ ሄድኩ። ትዕግሥቴን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አንዳንዴም ያናድድሽ ነበር። በመጨረሻ ያው ሰውዬ ራሱ ለኃላፊው ተናግሮልኝ ሐሙስ እንዲመጣ ተፈቀደ። ያሁኑ የመጨረሻ ነው ተብሏል። ካልበራ ቅናሹ ይቀራል፤ ቀረጡን ክፈል እባላለሁ፤ መክፈል ካልቻልኩ መሣሪያው ለቀበሌው አዳራሽ ይሰጣል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከወዲሁ መጥቶ አይቶታል። ግቢያችን መሀል ቆሞ አንጋጦ «ጓድ መምህር፣ ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ፀሐይ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። ለአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ነው የፈለገው። ያን ድምፅ ማጉያ ታውቂዋለሽ። ለስብሰባ ይጠራል፤ ለዘመቻ የተመለመሉ ልጆችን ስም ያነባል። የዘነቡ የመጀመሪያ ልጅ ስም የተጠራው በእሱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘንድሮ ዕድሜው ደርሷል። ሊቀ መንበሩ ሲወጣ ዘነቡ በአጥሩ በኩል «መምህር፣ የአስካለ መስታወት የኔን ልጅ ይጥራ?» አለችኝ። ለአንቺ ትንፋሽ ብለን ያመጣነው ነገር ለዚያ ሥራ እንዲውል አልፈልግም። ይህን ለሌላ ሰው በአፌም በጽሑፍም አልናገርም፤ ለአንቺ ግን መናገር እችላለሁ።

እንግዲህ ሸራው ከተነሣ ቆይቷል። መስታወቱን እንደ አንቺ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬዋለሁ፤ መሰላሉን ዘነቡ ያዘችልኝ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነው። የቀረኝ የባትሪው ሣጥን ነው።

ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ጓጉንቸሩን ያንጠለጠልሽበት እኔ ሬዲዮ ከፍቼ እያንቀላፋሁ ባትሪውን ስለምጨርስብሽ ነበር። «አንተ ተማሪ እንጂ ባትሪ መያዝ አታውቅም» ብለሽ ቁልፉን ወሰድሽ። ከዚያም እንዳላገኘው ቦታውን ትቀያይሪ ጀመር። አንድ ጊዜ በርበሬው ቆርቆሮ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ከሥዕለ ማርያም ጀርባ። አንድ ጊዜማ በኔው ኮት ኪስ ውስጥ ከተትሽው፤ ቤቱን ሙሉ ሳምስ ቁልፉን ተሸክሜው ስዞር ነበር። የሳቅሽው ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የመጨረሻዋን እሑድ አስታውሳለሁ። ግድግዳውን ይዘሽ ወደ ሣጥኑ ሄድሽ። ሰማዩ ጥቁር ስለነበር «ፀሐይ እስክትወጣ ባትሪው ይረፍ» ብለሽ ውስጡ ያለውን ማብሪያ አጠፋሽና ቆለፍሽው። ላግዝሽ ስል እጄን መታ አደረግሽ። ቁልፉን የት እንዳደረግሽው አላየሁም፤ ላይም አልሞከርኩም፤ በማግሥቱ ተነሥተሽ ራስሽ የምትከፍቺው መስሎኝ ነበር።

ሁሉንም ፈልጌአለሁ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ገልብጫለሁ። የኮቶቼን ሁሉ ኪስ አገላብጬ ሽፋናቸውን ሳይቀር ዳብሻለሁ። ትራስሽን አልፈታሁትም፤ በእጄ ግን ጨብጬ ጨብጬ አይቼዋለሁ። ዘነቡ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ፈራ ተባ እያለች አንድ ነገር ነገረችኝ። ገላሽን ካጠቡት ሴቶች አንዷ በማተብሽ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ታስራ ያየች መስሏታል። መስቀል ትሁን ሌላ አላስተዋለችም።

አቶ ደገፋ መዶሻ ይዞ መጥቶ ነበር። «መምህር፣ ይህ እኮ የአንድ ምት ሥራ ነው» አለኝ። ነው። ስብራቱም ይጠገናል። ባትሪው ይህን ያህል ወር ሳይነካ ቆይቶ መሥራቱን ራሱ አላውቅም። ግን ያ ጓጉንቸር በእጅሽ የቆለፍሽው የመጨረሻው ነገር ነው። በመዶሻ የምመታው እጅሽን ይመስለኛል። አቶ ደገፋ መዶሻውን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ ተመለሰ። ሐሙስ በጠዋት ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ና ያልኩት እኔ ነኝ።

መብራቱ ቢበራ ወንበርሽን ከሥሩ አደርገዋለሁ፤ ማንም አይቀመጥበትም። ባይበራ፣ መስታወቱም ቢወሰድ፣ በኩራዙ ጭስ ውስጥ ተቀምጬ ያን የመጀመሪያ ምሽት፣ ሳትጨነቂ የተነፈስሽውን ትንፋሽ አስባለሁ። ይህን ከእኔ የሚወስድ ቢሮም ቀበሌም የለም።

አሁን ግን ቁልፉ ያስፈልገኛል። ቤት ውስጥ ከሆነ እንደ ድሮው በሕልሜ መጥተሽ ሳቂብኝና ቦታውን አሳዪኝ። ካንቺ ጋር ከሆነም እሱኑ ንገሪኝ፤ መዶሻውን ራሴ አነሣለሁ፣ አትቀየሚኝ። ሰውየው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል። ቶሎ መልሺልኝ።

ያንቺው መምህር