ዳገቱን ሲጠርጉ የኖሩት ፌቭሮንያ ፕሮኮፒየቭና
(1950–2023)

ውድ አያታችን ፌቭሮንያ ፕሮኮፒየቭና ከአባታቸው ከፕሮኮፒና ከእናታቸው ከአጋፊያ በማርች ወር 1950 እዚሁ ከመንደሩ ወጣ ባለው በኻራ አላስ፣ አሁን ሁላችሁም ከቆማችሁበት ዳገት ሥር ባለው ቤት ተወለዱ። ብርዱ ከባድ ስለነበር ጥጃዎቹም ቤት ውስጥ ነበር የሚያድሩት፤ ስለዚህ ኤቤ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት ጥጃ ነው! ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እየሳቁ። ኤቤ የምላቸው አያቴ ስለሆኑ ነው፤ እዚህ ካላችሁት ግማሾቻችሁ ግን አያታችሁ ሳይሆኑም ኤቤ ትሏቸው ነበር።

አክስቴ ዞያ ይሄን ስጽፍ “አጭር ይሁን፣ ቀልድ አታብዢ፣ ስለ አጥሩ ደግሞ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ” ብላኛለች። አክስቴ፣ ይቅርታ በጣም! ስለ አጥሩ ካልጻፍኩ ምን ልጽፍ ነው? የኤቤ ሕይወት እኮ አጥሩ ነው።

ኤቤ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው፣ ጋኒያ የሚባል። እኔ አላየሁትም፤ አባቴም አላየውም። ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋኒያ የትም ቢተውት ቤቱ የሚመጣ ልጅ ነበር። እናትና አባቱ ለሣር አጨዳ ሲሄዱ ጫካው ማዶ ዘመድ ቤት ያስቀምጡታል፤ አመሻሹ ላይ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እግሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በር ላይ ቆሟል። “ብቻህን አልፈራህም?” ሲሉት “ፌቭሮንያ ከማን ጋር ትጫወት?” ይላል። ከኤቤ ጋር ብቻ ነበር የሚጫወተው። በ1958 በአጨዳው መሃል ትኩሳት ይዞት ሞተ፤ አምስት ዓመቱ ነበር። መንደሩ መቃብር ድረስ መንገዱ ረግረግ ስለነበር እዚሁ ዳገቱ አናት ላይ፣ ጥዶቹ ሥር ቀበሩት። አባቱ ትንሽዬ አጥር ሠርተው ሰማያዊ ቀለም ቀቡለት። አሁን ከፊት ለፊታችሁ የምታዩት እሱው ነው።

ኤቤ መንደሩ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ሰባተኛ ክፍልን ጨረሱ። ከዚያ በመንግሥት እርሻው ላም አላቢ ሆኑና ብዙም ሳይቆዩ ከአላቢዎቹ አንደኛ ወጥተው የስፌት መኪና ተሸለሙ። መኪናዋ እስካሁን ትሠራለች፤ የለበስኩት ቀሚስ በሷ የተሰፋ ነው። በ1971 ከትራክተር ነጂው ከአፋናሲ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። “መጀመሪያ የወደድኩት ትራክተሩን ነው፣ ሰውየው አብሮ መጣ” ይሉ ነበር። አባቴን ሮማንንና አክስቴን ዞያን ወለዱ።

በ1974 ከእርሻው አለቆች ትእዛዝ መጣ፤ ዳገቱ ድንች ይዘራበት፣ ጥዶቹ ይነሱ ተባለ። ጉቶዎቹን የነቀሉት አያቴ አፋናሲ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድንቹ ጉድ ነበር አሉ! ነገር ግን ከዚህ አፈር ሥር ቤት የሚያህል በረዶ ተኝቷል፤ ዛፎቹ ጥላው ነበሩ። ጥላው ሲነሳ በረዶው ማላብ ጀመረ። በጋውም ከዓመት ዓመት እየረዘመ፣ እየሞቀ ሄደ። የስልክ ምሰሶዎቹ እንደ ሰካራም ዘመሙ። የድንቹ መደብ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰምጣል።

የወጥ ቤታችንን መስኮት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ስድስት መስታወት አለው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በሦስት ረድፍ። የጋኒያ አጥር ሁልጊዜ የሚታየው ላይኛው መስታወት ውስጥ ነበር። አንድ ጸደይ ኤቤ ዕቃ እያጠቡ ቀና ቢሉ አጥሩ እዚያ የለም። መሃለኛው መስታወት ውስጥ ነው። ምሰሶው ሁሉ ሲዘም አጥሩ አልዘመመም፤ ቀጥ ብሎ፣ አንድ እንጨት ሳይወልቅ ወደ ቤት ወርዷል። አያቴ አፋናሲ መጥተው አጠገባቸው ቆሙና “ፌቭሮንያ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ የቀሰቀስኩት” አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ይሄን ዳገት በትራክተር አልነኩትም።

ያኔ የኤቤ እናት አጋፊያ በሕይወት ነበሩ። መስኮቱን አይተው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡና ለልጃቸው እንዲህ አሏቸው፤ “ሳያድግ የሞተ ልጅ ቤቱ ከደረሰ ብቻውን አይመለስም። የሚጫወት ጓደኛ ይዞ ነው የሚሄደው።” ቤት ውስጥ ደግሞ አባቴና አክስቴ ነበሩ፣ ሕፃናት።

ከሰማይ የሚወርደውን በረዶ መጥረጉ የተጀመረው በዚያ ክረምት ነው። ሰው ሁሉ የሳቀበት ነገር! ሌላው ደጁን ሲጠርግ ኤቤ ዳገቱን ይጠርጋሉ፤ ትንፋሽ አፍ ላይ በሚደርቅበት ብርድ፣ በእንጨት አካፋና በመጥረጊያ። ከዚያ ፈረሶቻቸውን ሰድደው የቀረውን በረዶ ያስረግጡታል። ትንሽ ሆኜ “ኤቤ፣ በረዶውን ለምን ያነሱታል? አፈሩ አይበርደውም?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “ይብረደው እንጂ! በረዶ እኮ ብርድ ልብስ ነው። ምድር ከሞቃት ትነቃለች። ገፈን ካስተኛናት ግን ጋኒያም ይተኛል” አሉኝ።

ጎረቤታችን ሚካይ በዚያ ሲያልፉ ሁልጊዜ ፈረሳቸውን አቁመው ነበር የሚያሾፉት።

“ፌቭሮንያ! ስትጨርሺ ሰማዩንም ጥረጊልን!”

“አንተ መጀመሪያ አፍንጫህን ጥረግ፣ ሚካይ! ጺምህ ላይ ተንጠልጥሏል!”

“አንቺን ያገባ ሰው ተባረከ፣ ቤቱ እስከ ጫካው ድረስ ንጹሕ ነው!”

ሚካይ እየሳቁ ይሄዳሉ፤ ኤቤ ግን እየሳቁም አካፋቸው አይቆምም። በቃ እንደዚህ አርባ ምናምን ክረምት! በ1998 አያቴ አፋናሲ ሞተው መንደሩ መቃብር ተቀበሩ፤ ከቀብር መልስ ኤቤ ልብስ ቀይረው ወጡና ጠረጉ። ጡረታ ወጡ፣ ጠረጉ። የልጅ ልጆቻቸውን እኔንና እህቴን አይታን አዩ፣ ጠረጉ። ጉልበታቸው እንቢ ያለ ቀን እኔ እጠርግ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ በመስኮት ሆነው “እዚያ ጋ ቀረ! እዚያ ጋ!” ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔ በጣም ነበር ደስ የሚለኝ፤ ጉንጬ ቲማቲም ይሆናል፣ ከዚያ ፓንኬክ በቅቤ!

አንድ ነገር አስተምረውኛል። ዳገቱ ላይ ጆሮዬን አስደግፈው “ስሚ” ይሉኝ ነበር። ብርዱ ሲጠና መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ጠመንጃ የተተኮሰ ነው የሚመስለው። እኔ እዘላለሁ፣ ኤቤ ግን ደስ ይላቸዋል። “ሲተኛ ነው የሚጮኸው። ዝም ሲል ነው መፍራት” አሉኝ። ያለፉት ሦስት ክረምቶች አልጮኸም። አንዴም። ጆሮዬን ሳስደግፍ የምሰማው ከሥር ውኃ ሲንጠባጠብ ብቻ ነበር፣ በዲሴምበር! ድንቹ ደግሞ በየዓመቱ እየተለቀ፣ የሕፃን ጭንቅላት እያከለ መጣ። ሰው ተደሰተ። ኤቤ አንዱን ድንች በእጃቸው አገላብጠው “ምድር ምን ነክቷት ነው እንዲህ ደግ የሆነችው?” ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ዘንድሮ ብርዱ መለዘብ ሲጀምር አጥሩ የመጨረሻው መስታወት ውስጥ ገባ። በዚያው ሰሞን አይታ ወንበር ላይ ቆማ በመስኮት እጇን ስታውለበልብ ኤቤ አገኟት። አይታ አምስት ዓመቷ ነው።

“ለማን ነው የምታውለበልቢው፣ ልጄ?”

“ለዚያ ለባዶ እግሩ።”

ኤቤ አልጮኹም፣ አልተቆጧትም። ከወንበሩ አወረዷትና ቂጣ ሰጧት። ከዚያ ወጥተው መጥረጊያውን ከደጅ አንስተው በር ጥግ አቆሙት። አክስቴ ዞያ ደንግጣ “እማዬ፣ አመመሽ እንዴ? ዛሬ አትጠርጊም?” ስትላቸው “ከእንግዲህ አልጠርግም። ጋኒያ የአምስት ዓመት ልጅ እኮ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሲመጣ ስመልሰው ኖርኩ። ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል” አሏት።

ተስፋ ቆርጠው መስሎን ነበር። አይደለም! ሌላ ነገር አስበው ነው። ያን በጋ ከፈረስ ቆዳ አንድ ጥንድ ትንሽዬ ጫማ ሰፉ። የአይታ መስሎኝ “ልለካት?” ብዬ ላነሳው ስል እጄን መቱኝ፤ መትተውኝ አያውቁም ነበር። ልባቸው እየደከመ ሄዶ በኦገስት ወር ከተማ ወርደው ሐኪም ቤት ቢገቡም “ድንቹ መሬት ውስጥ ነው” ብለው አስመለሱን። የዘንድሮውን ድንች ወንበር ላይ ተቀምጠው አስለቀሙ። ሴፕቴምበር 14 ቀን አባቴን፣ አክስቴንና እኔን ጠርተው እንደ ወጋችን እሳቱ ላይ ቅቤ ጣል አድርገው ምድጃውን አበሉትና እንዲህ አሉን።

“መንደር እንዳትወስዱኝ። እዚሁ ዳገቱ ላይ ቅበሩኝ፤ ከጋኒያ በታች፣ ከቤቱ በላይ።”

“እማዬ፣ አባባስ? አባባ ብቻውን ይሁን?” አለች አክስቴ፣ እያለቀሰች።

“አባትሽ ትልቅ ሰው ነው፣ አይጠፋም። ጋኒያ የሚፈልገው የሚያጫውተው ሰው ነው። እኔ ነበርኩ የማጫውተው። ከበሩ በፊት እኔን ካገኘ ሌላ ልጅ ምን ያደርግለታል?”

ውድ አያታችን ከሦስት ቀን በኋላ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 ጠዋት፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር እንደተቀመጡ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሻያቸው ገና ትኩስ ነበር።

ከዚያ ቤት ውስጥ ጸብ ሆነ፤ አልደብቃችሁም። አክስቴ ዞያ “ሰው ምን ይለናል፣ እናቴን ከባሏ ለይቼ ሜዳ ላይ?” አለች። አባቴ እጇን ይዞ መስኮቱ ጋ ወሰዳትና አብረው ቆሙ። ምን እንዳዩ አልነገሩኝም። አክስቴ ስትመለስ “ጫማውን አምጪው” ብቻ አለችኝ። ትንሿ ጫማ አሁን ኤቤ እጅ ውስጥ ናት።

ጉድጓዱን የቆፈሩት ሚካይ ናቸው። ድሮ እዚህ አገር መቃብር የሚቆፈረው መሬቱን በእሳት እያቀለጡ ነበር፤ ትላንት ግን እስከ ደረታቸው ድረስ ሲቆፍሩ አንድ እንጨት እንኳ አላነደዱም። “እንደ ቅቤ ነው የገባው፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ መቃብር አልቆፈርኩም” አሉ። ከዚያ በታች አካፋው ጠንካራ በረዶ መታ፣ እንደ መስታወት የጠራ። “እዚህ ላይ ፌቭሮንያ አትነቃነቅም” ብለው እዚያ አቆሙ። የተቆፈረ ጉድጓድ ባዶውን አያድርምና ሚካይና አባቴ አፉ ላይ ተቀምጠው አደሩ። ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዤላቸው ስሄድ አጥሩ ትላንት ከነበረበት ወርዶ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ አንድ እንጨት ሳይወልቅ። ሚካይ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲቀልዱ የኖሩት ሰውዬ፣ ቆባቸውን አወለቁና ጋኒያን “ቆይ እንጂ፣ ልጄ። እየመጣች ነው” አሉት።

አያታችን ከልጃቸው ከሮማንና ከልጃቸው ከዞያ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ከእኔ ከኩኔይና ከአይታ፣ እንዲሁም ከአሥራ አንድ ፈረሶቻቸው ተለይተዋል። ወንድማቸውን ጋኒያን ግን አግኝተውታል።

አሁን ስንወርድ እንደ ወጉ ማንም ዞር ብሎ አይይ። ከታች ምግብ አለ፤ የዘንድሮው ድንችም ተቀቅሏል። አይታን የምይዛት እኔ ነኝ።

ኤቤ፣ ሌላ አገር አፈሩ ይቅለልልዎ ነው የሚባለው። እኛ አገር ግን የቀለለ አፈር ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ አፈሩ ይክበድልዎ፤ ይጠንክርልዎ፤ ሌሊት ሌሊት እንደ ጠመንጃ እየጮኸ ያስተኛችሁ። መጥረጊያዎ በር ጥግ ቆሟል፣ አልነካውም። ክረምቱ ሲገባ በረዶው ይውረድባችሁ። ብርድ ልብሳችሁን ከእንግዲህ አልገፍም።