ላስመልስሽ ሄጄ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9፣ ከሰዓት በኋላ
ከቤትሽ

ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ፣ ዛሬ ደግሞ ትንሽ ለምቆጣሽ ልጄ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሳሉ ለቀቀሽ? ካልሲሽስ ደረቅ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔም ደህና ነው፤ ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት እዚያ መብራት የለም ስላልሽኝ አንቺ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው። ስፌቱም አለ፣ ቤቱም አለ፣ ድመቷም ያንቺን ወንበር ወርሳለች። ደህና ያልሆነው ጭንቅላቴ ብቻ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ምኑን ከምኑ እንደማደርገው ጠፍቶኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ ያው ታውቂኛለሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ የያዝኩት ሁሉ ይጠፋኛል።

ባለፈው ስትደውዪ ጎርፉ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ገና ድንኳን ውስጥ ናቸው፣ የሚረዳ ሰው አንሶናል አልሽኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ልቆይ ወይስ በተባለው ቀን ልምጣ፣ አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ ብለሽ ነገሩን እኔ ላይ ጣልሽው። እኔም መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁብሽ። ምን ልበልሽ? ቆዪ እንዳልልሽ ይኼ ቤት ያለ አንቺ ቤት አይደለም። ነይ እንዳልልሽ ደግሞ… እንጃ።

አንቺን ከምጨቀጭቅ አለቆችሽን ልጨቅጭቅ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት የክት ቀሚሴን ለብሼ የእርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ለመንገድ ሳጠና ነበር። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ የድርሻዋን ሠርታለች፣ መልሱልኝ። አለቀ። የታችኛው ቤት ፀጉር አስተካካይም ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። ታውቂው የለ፣ የሰው ጠብ አያመልጠውም።

ደረጃው ጨለም ስለሚል ግድግዳውን እየዳበስኩ ወጣሁ። አዳራሹ ግጥም ብሏል። በአንድ በኩል ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፣ በሌላው በኩል ልብስ የሞላው ማዳበሪያ ተደርድሯል፣ መሐል ላይ ሰው ወንበር ይዞ ተቀምጧል። እኔ ሁሉም እንደኔ ልጁን ሊያስመልስ የመጣ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አስተባባሪዋ ድምፅዋ የሰለለ ቀጭን ሴት ናት። ስለ ጎርፉ፣ ስለሚያስፈልገው ሰው ታስረዳለች፤ ሰዉ ከፊሉ ስልኩን ይነካካል፣ ከፊሉ ያዛጋል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለካ የተሰበሰቡት በጎ ፈቃደኛ እንዲሆኑ የተጋበዙ ሰዎች ናቸው። ጠጋ ብዬ የማን እናት እንደሆንኩ ብነግራት እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና ለምን እንደመጣሁ እንኳ ሳትጠይቅ ማይኩን አስጨበጠችኝ። እኔም ይሻላል አልኩ። በሰው ፊት ከጠየቅኳቸው እምቢ አይሉኝም፤ ይኼን ሁሉ ሰው ካስፈራሁባቸው ደግሞ ሁለተኛ የሰው ልጅ አይወስዱም።

«ስሙኝ» አልኳቸው። «ልጄ ከሄደች ጀምሮ ደረቅ ልብስ ለብሳ አታውቅም። ድንኳን ስትወጥር እጇ ተልጦ ማንኪያ መያዝ አቅቷታል። አንዲት አሮጊት ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቢቀር የራሷን አውልቃ ሰጥታ በባዶ እግሯ ዋለች። ስትደውልልኝ ድምፅዋ አይወጣም። እናንተስ ልጆቻችሁን እንዲህ ላለ ነገር ትሰጣላችሁ?»

የሚያዛጋው ቀና አለ። ስልኩን የሚነካካውም አቆመ። ተሳካልኝ ብዬ አሁን መልሱልኝ ልል ስል፣ ከኋላ አንድ የመኪና ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰውዬ እጁን አወጣ፤ በኋላ የታክሲ ሹፌር ነኝ ብሎኛል።

«ጫማው ለአሮጊቷ ልካቸው ሆነ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። እውነትም አልጠየቅኩሽም ነበር። ያን ጊዜ ስትነግሪኝ የጠየቅኩሽ ያንቺን እግር ብቻ ነው። ሰውዬው ይኼማ ሄዶ መታየት አለበት ብሎ ተነሳና ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ሄደ። እሱን አይታ አንዲት ነርስ ተነሳች፣ ከዚያ ባልና ሚስት፣ ከዚያማ ወንበሩ ሁሉ ተንጓጓ። እኔ ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም እላለሁ፤ ማይኩን ግን ወስደውብኛል። ፀጉር አስተካካያችን፣ ካፊያ ሲጥል ከሱቁ ደጃፍ የማያልፈው ሰውዬ፣ ሰልፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አብደሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው ፀጉር እኮ ድንኳን ውስጥም ያድጋል አለኝ። አስተባባሪዋ እያለቀሰች እንዲህ አድርጎ የተናገረልን የለም ትለኛለች። እስቲ አሁን እኔ ምን አድርጌ ነው?

ጉዱ በዚህ አላበቃም። አንዱ መጥቶ የበጎ ፈቃደኞቹን ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሰኝ፣ አንዷ ወንበር ሰጠችኝ፣ ብቻ ሳላስበው ከልብሱ ማዳበሪያ አጠገብ ተቀምጬ ስመርጥ ዋልኩ። የሸሚዞቹ ቁልፍ የለ፣ የሱሪዎቹ ስፌት የተተረተረ። ይኼ ሳይሰፋ ለሰው አይሰጥም ብዬ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ተሸክሜ ገባሁ። ሰደርያውን ለካ ገልብጬ ነው የለበስኩት፤ ሠፈሩን አቋርጬ ቤቴ እስክደርስ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ በዝቷል። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ ይሉኛል። ይቅርብህ ልል አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ግን ትርፍ ካልሲ ያዝ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነው እንዳልል ቤት ስገባ ያንቺን አልጋ አይቼ ሆዴ ይባባል። ተናድጄ ነው እንዳልል ደግሞ ትናንት የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ተመዘገበ ሲሉኝ ጎሽ ብዬ አጨበጨብኩ።

ያመጣሁትን ልብስ ገና አልጀመርኩትም፤ ጊዜ አጣሁ። ስትሄጂ ክር አስገብተሽ የመርፌ ትራሷ ላይ የሰካሽልኝ መርፌዎች ክራቸው አልቆ አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ እሷን መንካት አልፈለግኩም። አስተማሪዋ ጎረቤታችን ደግሞ ሰማያዊ ቀሚሴን በጥቁር ክር ሰፋሽብኝ ብላ መጥታ ነበር። ፋሽን ነው አልኳት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

እንግዲህ ነይ ልልሽ ተነስቼ ነበር። አሁን ግን በየት በኩል ልበልሽ? እኔን ሰምተው እነሱ ሲሄዱ አንቺ ልትመጪ ነው? የሹፌሩን ጥያቄስ ማን ይመልስልኛል? ከቅዳሜ ጀምሮ ስተኛም ስነሳም የማስበው የማላውቃቸውን ሴትዮ ጫማ ሆኗል። በይ ቆዪ። ይኸው ጻፍኩት። ከጻፍኩት በኋላ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁና ተመልሼ አየሁት፤ አልሰረዝኩትም። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም፣ ግን ቆዪ። ዝናቡ ሲያባራ ግን አንድ ቀን ብታሳድሪ እኔው እመጣብሻለሁ።

የረገጥሽው ይድረቅልሽ። እጅሽ ቶሎ ይዳንልሽ። የምታነሺው ሸክም ይቅለልሽ። ክፉሽን አያሰማኝ፣ በሰላም ወጥተሽ እንደሄድሽ በሰላም ግቢልኝ።

ልታስመልስሽ ሄዳ ሰው ጨምራ የላከችልሽ
እናትሽ

ማስታወሻ፦ ይኼን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ፀጉር አስተካካያችን ነው፤ ዝናብ ላይ ሲያማርር ዝም ብለሽ ስሚው። የመርፌዋን ትራስና ክሮቹን አብሬ ልኬልሻለሁ። ሌላ ምክንያት የለውም፣ እጅሽ ሙያውን እንዳይረሳ ብዬ ነው። ቁስሉ ሲሽርልሽ ሁሉም መርፌ ላይ ክር እያስገባሽ ሰኪና በሚመለሰው መኪና ላኪልኝ። ነጩን በአንድ በኩል፣ ጥቁሩን በሌላው በኩል አድርጊው፤ ሰማያዊውን ለብቻው። ክሩን ደግሞ ረዘም አድርጊልኝ፣ እስክትመጪ እንዲያደርሰኝ።